በወረቀት ያገኘኋት እናት

ሰው የሚያስበው እንደ መደቡ ነው ብለው አስተማሩን። በዚያ ዘመን ጅማ ውስጥ ይህን ያልሰማ ጆሮ አልነበረም፤ በቀበሌ ስብሰባ ይነገራል፣ በውይይት ክበብ ይነገራል፣ ጠዋት ክፍል ከመግባታችን በፊት ሰልፍ ላይ ይነገራል። የጠገበ ከጠገበ ጋር ይወግናል፤ የተራበ ከተራበ ጋር። ጭቁን ሲነቃ ጨቋኙን ይጥላል፤ አለቀ ደቀቀ። እኔ ደግሞ ከማንም በላይ አምኜ ነበር። የባለ መሬት ልጅ ነበርኩ፤ እራቴ አያሳስበኝም፤ ለማመን ሰፊ ጊዜ ነበረኝ።

አባቴ ከሰርቦ ወዲያ የቡና መሬት ነበረው። ቤታችን ግን ጅሬን ላይ ነበር፤ ከአቀበቱ ላይ ሆኖ ከተማውን ቁልቁል የሚያይ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት። የመሬት አዋጁ የታወጀ ዕለት ከተማሪዎች ጋር ስጨፍር ውዬ ድምፄ ተዘግቶ ገባሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና፣ «ጎበዝ! የራስህን እራት ወርሰህ መጣህ» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረኝም። በዓመቱ ሞተ። ማንም አልነካውም፣ አልታሰረም፤ ዝም ብሎ ከዚያ ወንበር መነሳት አስጠላው።

በቤታችን ውስጥ በዚያ ትምህርት አነጋገር ጭቁን የምትባል አንዲት ሠራተኛ ነበረች። ከሰርቦ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ከሚርቅ መንደር የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ እኛው ጋ ናት። ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ በቡና ወራት ደግሞ ግቢ ውስጥ የተሰጣውን ጀንፈል ቡና ስታገላብጥ ትውላለች፤ ያኔ ጥፍሮቿ ለሦስት ለአራት ወር ጥቁር ናቸው። እናቴን «እትዬ»፣ እኔን «የኔ ጌታ» ትላለች። ሕፃን ሳለሁ ያጎረሰችኝ እሷ ናት፤ ከእኔ ጋር ግን አንድ ትሪ ላይ ቀርባ በልታ አታውቅም። እሷ ሙስሊም እኛ ክርስቲያን ስለሆንን ነው እንል ነበር። ውሸት ነው። ሽሮ ሃይማኖት የለውም፤ ሽሮም ቢሆን አብረን አልበላንም።

አባቴ ከሞተ በኋላ አንድ እሑድ ቀበሌው የሴቶች ስብሰባ ጠራ። ከአዲስ አበባ የመጣ ካድሬ እሷን ከመካከል አስነስቶ፣ «እነዚህ ፊውዳሎች ምን በደል አደረሱብሽ? ሳትፈሪ ተናገሪ» አላት። እናቴ ከኋላ ወንበር ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ሠራተኛችን ቆመች፤ ነጠላዋን አጣፋች፤ «ባለቤቴ ሲሞት ከፈን የገዙልኝ ጌቶች ናቸው፤ አላህ ይማራቸው» ብላ ተቀመጠች። ካድሬው፣ «ገና አልነቃችም» ብሎ በደብተሩ ጻፈ።

በር ላይ ቆሜ የሰማሁት እኔም በእሷ አፈርኩ። ቤት ስንገባ ስለ ጭቆና አስተምራት ጀመር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ የእኔን ሸሚዞች እያጠበች አዳመጠችኝ። በመጨረሻ እጇን በቀሚሷ አደረቀችና፣ «የኔ ጌታ፣ አንተ ብትሳሳት እናትህ አለችህ፣ ቤት አለህ። እኔ ከተሳሳትኩ ማታ ማን ደጅ እቆማለሁ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ይህን የድንቁርና መልስ ብዬ ነበር የመዘገብኩት። ዛሬ በዕድሜዬ ሁሉ ስለ መደብ ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጥ ንግግር ይመስለኛል። እኔ ለውጥ ለውጥ የምለው የሚጎዳኝ ስለማይመስለኝ ነበር፤ እሷ የነበረው ይቆይ የምትለው ሌላ የምትደገፍበት ግድግዳ ስለሌላት ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨረስኩ። ከጅማ ለምሥራቅ ጀርመን ትምህርት ከተመረጡት አንዱ ሆንኩ። ቅጹ አራት ገጽ ነበር፤ አንዱ መስመር ግን የቀሩትን ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ «የመደብ ጀርባ» ይላል። ያንን መስመር የሚያረጋግጠው ቀበሌ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደግሞ ቀድሞ የአባቴ የቡና መጋዘን ዘበኛ ነበር። ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ «የፊውዳል ልጅ ለሶሻሊስት አገር? እኔ በዚህ አልፈርምም» ብሎ መለሰልኝ። እናቴ ይህን ስነግራት፣ «ዘመን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» አለችና ክፍሏ ገብታ ተኛች። ቀን ነበር፤ እናቴ ቀን ተኝታ አታውቅም።

ሦስት ቀን እንዲህ ቆየን። በሦስተኛው ቀን ሠራተኛችን ከወጥ ቤት ወጥታ ሳሎኑ በር ላይ ቆመች። ሳሎን ውስጥ ካልተጠራች አትገባም።

«እትዬ፣ ካልከፋዎት እኔ ልውሰደው» አለች።

«ምኑን?» አለች እናቴ።

«ልጁን። በጉዲፈቻ። አገሬ ወስጄ ሽማግሌ ፊት ልጄ ነው ካልኩ ልጄ ነው። ሊቀመንበሩ እንቢ ሊል አይችልም፤ የእሱም እናት ከዚያው መንደር ናት።»

እናቴ ከወንበሯ ቀና አለች። ከዚያ፣ «ለወረቀቱ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ እኛ አገር ለወረቀት የሚባል ጉዲፈቻ የለም» አለች እሷ፣ መሬት መሬት እያየች።

እናቴ ይህን እንዳልሰማች አለፈችው። እኔ ግን ሰምቻለሁ። ሰምቼ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም በሌላው ጆሮዬ የአውሮፕላን ድምፅ ነበር የሚሰማኝ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይላል ያገሬ ሰው፤ የእኔ ግን ይከፋል፣ ገደሉ የሚጠብቀው ሌላ ሰውን ነበር።

ወደ መንደሯ የሄድነው ሁለታችን ብቻ ነን። እናቴ ራሴን አሞኛል ብላ ቀረች። ከሰርቦ ወርደን ቡና ለቡና በእግር ሄድን፤ እንደ ልማዷ ከኋላዬ ነበረች፣ መንገዱን የምታውቀው እሷ ሆና እያለ። በየመታጠፊያው ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ በእጇ ታመለክተኛለች፤ እንደገና ከፊት እሄዳለሁ።

ሽማግሌዎቹ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘዋል። ዱአ አደረጉ። ከዚያ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎም እንዳይጠፋኝ ብለው በአማርኛ ጠየቁኝ።

«ይህች ሴት ከዛሬ ጀምሮ እናትህ ናት። ስትታመም ታስታምማለህ?»

«አዎ።»

«ስታረጅ ትጦራለህ?»

«አዎ።»

«ስትሞት አፈር ታለብሳለህ?»

«አዎ» አልኩ። ሦስቱንም ያልኩት የፈተና ጥያቄ እንደሚመልስ ተማሪ ነው፤ ፈጥኜ፣ መልሱን አስቀድሜ አጥንቼ። ሽማግሌው ግን አልቸኮሉም። እያንዳንዷን «አዎ» ከተቀበሉ በኋላ የተቀመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ ያዩ ነበር፤ ሰምታችኋል ወይ እንደ ማለት። ሰምተው ነበር።

ከዚያ እሷ ራሴን ቅቤ ቀባችኝ፤ ገንፎም ቀረበ። እናትና ልጅ ከአንድ ገበቴ መብላት አለባቸው። ቁጭ አልን። እኔ ጀመርኩ። እሷ እጇን ወደ ገንፎው ሰደደች፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች፣ መለሰች። እንደገና ሰደደች። ሽማግሌው ሳቅ ብለው፣ «ብዪ እንጂ፣ ልጅሽ ነው» አሏት። ከዳር ቆንጥራ በላች፤ እያለቀሰችም «ኢልማ ኮ» አለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። እኔስ ምን ተሰማኝ? እውነቱን ልናገር፤ እጄን መታጠብ አማረኝ። ስለ እኩልነት ሁለት ሰዓት ማስተማር የሚችለው ልጅ፣ ያሳደገው እጅ የነካውን ገንፎ ተጸየፈ።

ሊቀመንበሩ ፈረመ። በቅጹ ላይ የእናት ሥራ፣ «ቡና ለቃሚ»፤ የመደብ ጀርባ፣ «ጭቁን ገበሬ»። የአባት ስም ቦታ ላይ የሟች ባሏ ስም ገባ።

ምሥራቅ ጀርመን ሠራተኛው የሚገዛበት አገር ነው ተብለን ነበር። ክፍሌን የተጋራኝ ጀርመናዊ የሐኪም ልጅ ነበር። እሱም መጀመሪያ በአባቱ ሥራ ምክንያት የዩኒቨርሲቲ ቦታ ተከልክሎ፣ ሁለት ዓመት በማሽን ፋብሪካ ሠርቶ «ሠራተኛ» የሚል ወረቀት ይዞ ነው የገባው። ይህን ሲነግረኝ ሳቅሁ፤ የእኔን አልነገርኩትም። አብረውህ ይሠሩ የነበሩትን አሁንም ታገኛቸዋለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ለምን?» አለኝ። አልኮራብኝም፤ ጥያቄው ጨርሶ አልገባውም ነበር።

የማደሪያችን በር ጠባቂ የሆኑት አሮጊት፣ ጓድ ፕሮፌሰሩ ሲመጡ ከወንበራቸው ይነሳሉ፤ የፋብሪካ አለቃ ሲመጣም ይነሳሉ፤ ለእኛ ለጥቁሮቹ አይነሱም። ከብዙ አገር የመጣን ተማሪዎች ነበርን፤ ከየመን፣ ከአንጎላ፣ ከቬትናም። በስብሰባ ላይ ስለ አብዮት ጮክ ብለን የምንናገረው የሚኒስትሮች፣ የነጋዴዎችና የባለ መሬቶች ልጆች ነበርን። አንድ የየመን ልጅ ግን አባቱ አናጢ ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን እጁን አላወጣም። እሱ ነው መናገር ያለበት ብዬ ስወቅሰው፣ «አንተ ብትሳሳት አንድ ዘመድህ ለአንድ ሰው ደብዳቤ ይጽፋል። እኔ ብሳሳት ወደ ቤቴ ይመልሱኛል» አለኝ። ያቺ ሴት ልብሴን ስታጥብ የነገረችኝን ቃል በቃል በሌላ ቋንቋ ደገመልኝ። ያኔ ነው ትንሽ የደነገጥኩት። አገር ለአገር ተሻግሬ ያገኘሁት ይህንኑ ነበር፤ የጠገበ በሁሉም አገር ደፋር ነው፤ ያልጠገበ በሁሉም አገር ጠንቃቃ ነው፤ ወረቀቱም በሁሉም አገር ይዋሻል።

ደንግጬ ምን አደረግሁ? ምንም። እንዲያውም በየዓመቱ የሠራተኞች ቀን መድረክ ላይ የሚያወጡት እኔን ነበር። «እናቴ ቡና ለቃሚ ናት» እላለሁ። ስለ ጥቁር ጥፍሮቿ፣ ከጌቶቿ ጋር አንድ ትሪ ላይ ቀርባ በልታ ስላለማወቋ እናገራለሁ። ጌቶቿ እነማን እንደሆኑ አልናገርም። ሴቶቹ ያለቅሱ ነበር፤ እኔም አለቅስ ነበር፤ ልቅሶዬም የውሸት አልነበረም፣ ይህ ነው የሚያሳፍረኝ። ደብዳቤ ግን የምጽፈው ለወለደችኝ እናቴ ነው። ያሳደገችኝ ሴት እኔ ከሄድኩ በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ቁራሽ መሬት ሰጥቷት ወደ መንደሯ ተመልሳ ነበር። በየገበያው ቀን ከሰርቦ ጅሬን ድረስ እየመጣች፣ «ልጃችን ምን አለ?» ብላ ትጠይቃለች። እናቴ፣ «ሰላም ብሎሻል» ትላታለች። አላልኩም ነበር።

ተመልሼ ጅማ ተመደብኩ፤ አወቱ መንደራ በሚባለው ሰፈር የመንግሥት ቤት ተሰጠኝ። በወሩ አዲሱን ኃላፊዬንና ሌሎች ጓዶችን ምሳ ጠራሁ። እናቴ ከጅሬን ወርዳ ድግሱን ያዘች። የጉዲፈቻ እናቴም መምጣቴን ሰምታ ያን ዕለት ከሰርቦ መጣች፤ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ በቅል ቅቤ ይዛ። ልጅ ከሩቅ አገር ሲገባ እናቱ ቅቤ ትቀባዋለች። የገባችው በጓሮ በር ነው። እናቴ ሥራ በዝቶባት ነበርና ሳታስብ ማስታጠቢያውን አቀበለቻት፤ «እስቲ ያዢልኝ፣ እንግዶቹ ተቀምጠዋል።» እሷም ሳታስብ ተቀበለች። ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣለች።

ኃላፊዬ ከሌላ ክፍለ አገር የመጡ ናቸው፤ የኩሊ ልጅ ነኝ ማለት የሚወዱ ሰው። እሷ ስትገባ ፊቷን ሳያዩ እጃቸውን ዘረጉ። ታጠቡ። የታጠበ እጃቸውን እያደረቁ የወርቅ ጉትቻ ያደረገችውን እናቴን አዩና ብድግ አሉ፤ ጎንበስ ብለው ጉልበቷን ሊስሙ፣ «ጭቁኗ እናታችን እርስዎ ነዎት! በልጅዎ ማኅደር ላይ ስለ እርስዎ አንብቤአለሁ። የተለወጠ ዘመን ነው፤ እንኳን ለዚህ አበቃዎት» አሏት። ጓዶቹ አጨበጨቡ። እናቴ እኔን አየችኝ። ከዚያ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች።

እሷ ማስታጠቢያውን እንደያዘች መካከል ላይ ቆማለች። አማርኛ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ አንዲት ቃል አላመለጣትም። «ጓድ ኃላፊ፣ እናቴስ ያቻት» ማለት ነበር የሚጠበቅብኝ። አራት ቃል ነው። ደግሞስ ምን እሆን ነበር? ማኅደሬ ላይ የተጻፈው እሱው ነው፤ እውነቱን ብናገር የሚያረጋግጥልኝ ወረቀት ነበረኝ። አፌን የዘጋው ፍርሃት አልነበረም። የኃላፊዬ እጅ ወደ እሷ ሲዘረጋ፣ የሚዘረጋበት ትክክለኛ ቦታ እሱ መስሎ ነው የታየኝ። ተራ በተራ አስታጥባቸው ጨርሳ ወደ እኔ መጣች። እኔም እጄን ዘረጋሁ።

ውኃውን ለብ አድርጋዋለች። «እጅህ ከሳ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ ፎጣውንም ሰጠችኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ወጥ ቤት ገብቼ ፈለግኋት። የሰርቦ መኪና እንዳያመልጣት ብላ ሄዳለች። እናቴ ዕቃ እየሰበሰበች፣ «ምን እንድላቸው ፈለግህ? አምጬ ወልጄህ እናቱ አይደለሁም ልበል?» አለችኝ፤ አለቀሰችም። እውነቷን ነው። በእሷ ልፈርድ አልችልም፤ መሐላውን የማልኩት እኔ ነኝ። ቅቤውን ለዶሮ ወጡ አውላው ነበር። ጥሩ ቅቤ ነው አለች።

ከዚያ በኋላ መንደሯ ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ እያልኩ ከረምኩ። ሰርቦ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ሄዶ ለምሳ ይመለሱበታል። ዛሬ ስብሰባ፣ ነገ የቡና ዘመቻ፣ ከነገ ወዲያ ዝናብ። የሚያስፈራኝ ቁጣዋ አልነበረም፤ እንደማትቆጣ ስለማውቅ ነው የፈራሁት። አንድ ዓመት አለፈ፤ ግማሽም ተጨመረ።

በቡና ለቀማ ወራት አንድ ከሰዓት በኋላ በመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ስለ መደብ ትምህርት እየሰጠሁ ነበር። ከመንደሯ መልእክተኛ መጥቶ ነበር፤ ዘበኛው ስብሰባ ላይ ናቸው ብሎ በር ላይ አቆየው፤ ሰውየው ጠብቆ ጠብቆ ቃሉን ትቶ ተመለሰ። ስወጣ ነገሩኝ፤ ጠዋት ሞታለች። መንገዱ ወቅቱን ባልጠበቀ ዝናብ ተበላሽቶ መኪና አልነበረም። የደረስኩት በማግስቱ ነው። የሙስሊም ሬሳ አያድርም፤ ተቀብራለች።

ሽማግሌው አሁንም በሕይወት ነበሩ፤ በጣም አርጅተዋል። እጃቸውን ይዤ ማልቀስ ጀመርኩ። ማልሁ፣ አፈር አለብሳታለሁ ብዬ ማልሁ እኮ፣ እላቸዋለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እሳቸው በሌላ እጃቸው ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ።

«ልጅ ሆይ፣ አትጨነቅ። መሐላ የለብህም» አሉኝ። «ከጅማ ከአንተ ቤት ደርሳ የመጣች ሰሞን እኛን ሰበሰበችን። ፍቱልኝ አለች። ልጁ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ብሞት መምጣት አይችልም፤ ሲቀር መሐላው እንዳይዘው፣ ክፉ እንዳያገኘው፣ ከወዲሁ ፍቱልኝ አለች። እንቢ አልን። ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ለመነችን። ፈታነው።»

«ታዲያ ማን ቀበራት?»

«መንደሩ። ልጅ የሌለውን መንደሩ ነው የሚቀብረው።»

ጎጆዋ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። ለቅሶ የመጡ ሴቶች ሳር ላይ ተቀምጠው ነበር። ጫማዬን አዩ፣ ኮቴን አዩ፤ ከተቀመጡበት ተነስተው ቦታ ለቀቁልኝ። አንዷ በትሕትና፣ «ጌታዬ፣ ለሟቿ ምኗ ነዎት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ድሮ እኛ ቤት ትሠራ ነበር» አልኳት።